ሽቦ ያዧ

ልጄ ሰናይት ሸሕዲ ከተማ ላይ አሮጌ ራዲዮ ፈታተው ከሚገጣጥሙ ጎረምሶች ጋር መዋል ከጀመረች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሴት እሷ ብቻ ናት። ይስቁባታል፣ መላላኪያ ያደርጓታል ብዬ ፈራሁ። ትናንት ተከትያት ሄድኩ። የሚሠሩበት ቤት በር ጋ ስደርስ ራዲዮ ሲያፏጭ ሰማሁና ቆምኩ።

ያን ፉጨት አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ መተማ ዮሐንስ፣ አጎቴና ጓደኞቹ እሑድ እሑድ ራዲዮ እየነካኩ የሩቅ ጣቢያ ይፈልጉ ነበር። የአንቴናውን ሽቦ ጫፍ በእጄ ስይዘው ድምፁ ይጠራላቸዋል። ስለዚህ ደጅ ፀሐይ ላይ ያቆሙኛል።

"አንቺ፣ ንቅንቅ እንዳትይ!" ይላሉ። ሽቦው መዳፌን ይፈጀኛል፤ እነሱ ውስጥ ሆነው ይስቃሉ።

አንድ ቀን "እኔም ገብቼ ልስማ" ብል አጎቴ፣ "ሴት ልጅ ለራዲዮ ምኗ ነው? ይልቅ አንቺ ካልያዝሽው እኮ አይናገርም" አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቆምኩ። ማታ ለእናቴ ብነግራት መዳፌን ቅቤ እየቀባች፣ "እሱስ ይናገራል፤ ለማን ይሆን?" አለች። ያኔ አልገባኝም።

ትናንት ቀና ስል የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ሽቦ ይዞ የቆመው አንድ ጎረምሳ ነው።

"እጄ ዛለ እኮ፣ አለቃ!" ይላል።

"ንቅንቅ እንዳትል! ቀጥሎ እኔ እወጣለሁ፣ አንተ ገብተህ ትሰማለህ" አለች ሰናይት ከውስጥ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሰማችኝ።

"እማዬ? ውጭ ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ!"

ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ራዲዮው ላይ ሱዳናዊ ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።