ሎርና «ቀርቷል» ያለችበት ቀን

ሎርና ከፊሊፒንስ ደቡብ፣ ከሚንዳናው ተራሮች የመጣች የማኖቦ ሰው ናት። በስደት በምንኖርበት አገር፣ ፌርፋክስ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ አብረን እንሠራለን፤ እናጥባለን፣ እናበላለን፣ ደግፈን እናራምዳለን። የሰው ጠባይ እንደሷ የሚችል አላየሁም። እሑድ እሑድ ቸርች ትሄዳለች። በአባቶቿ ወግ ግን ዛፍ ከመቆረጡ በፊት በውስጡ ለሚኖረው መንፈስ ምግብ ቀርቦ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ካልተጠየቀ በቤቱ ያለ ሰው ይታመማል ትላለች።

«ሁላችሁም እንዲህ ታደርጋላችሁ?» አልኳት አንድ ቀን ምሳ ስንበላ።

«ሁሉም አይደለም። ከተማ የገባው ብዙው ትቶታል። የእህቴ ባል ፓስተር ነው፤ መድረክ ላይ ያወግዘዋል። ጫካ ሊመነጥር ሲነሳ ግን እህቴ ቀድማው ሄዳ ፈቃድ ትጠይቅለታለች፤ እሱም እንዳልሰማ ይሆናል።»

ተሳሳቅን።

ባለፈው ጸደይ የአገሬ ልጅ የሆነው አለቃችን ጌድዮን የጓሮውን ትልቅ የፊከስ ዛፍ ሊያስቆርጥ ተነሳ፤ ሥሩ ፓርኪንጉን ሰነጣጥቆበት ነበር። ቆራጮቹ በሚመጡበት ጠዋት ሎርና አንድ ሳህን ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል ከዛፉ ሥር አስቀምጣ በቋንቋዋ ቀስ እያለች መናገር ጀመረች። የፈራችው ለራሷ አልነበረም፤ ከምንጦራቸው አረጋውያን አንዱ ለሆኑት፣ መኝታ ክፍላቸው በዛፉ በኩል ላለው ለጋሼ ሀይለገብርኤል ነበር። ጌድዮን ደረሰባትና ሳህኑን በእግሩ ገለበጠው።

«እዚህ ቤት ጋኔን አይቀለብም!»

ሰውዬው ምን ቆርጦት ነው ምግብ በእግሩ የሚመታው? ጋሼ ሀይለገብርኤል በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ እኛ አገር አድባር የለም እንዴ? ዛፉ ቅቤ ሲቀባ አላየህም?» አሉት።

«እሱ እኮ ካልቸር ነው፣ ጋሼ።»

የኛ ሲሆን ካልቸር፣ የሷ ሲሆን ጋኔን! ደሜ ፈላ።

ዛፉ ተቆረጠ። ከሰዓት ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «ይሄን ነገር ትቻለሁ ካላለች ከነገ ጀምሮ የሥራ ስኬጁል የላትም» አለ። ሎርና አገር ቤት ከፍላ የምታስተምራቸው ልጆች አሏት። ቀና ሳትል «ትቻለሁ» አለች።

ይሄው ጌድዮን «ስታፋችን ከመላው ዓለም ነው» እያለ መመካት ይወዳል። በሳምንቱ ስለ ማኖቦ የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሎርናን እንድታነጋግር ጋበዘና እሱም ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔም ከሎርና ጎን ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ስልኳን ለመቅጃ ከፈተች። የጥንቱ ወግና እምነት ዛሬ ምን ያህል እንደሚሠራበት ጠየቀቻት።

ሎርና ጌድዮንን አየችው።

«ቀርቷል» አለች። «ጥቂት ሽማግሌዎች ቢሆኑ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን አልቻልኩም። «እንጀራዋን የያዘ ሰው አጠገቧ ተገትሮ ምን እውነት ልትነግርሽ ነው? ለብቻዋ ጠይቂያት!» ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ።

ጌድዮን በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሥርጉት፣ ያንቺንም ስኬጁል የምሠራው እኔ ነኝ፣ ኦኬ?» አለኝ።

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ሎርና ዞረች። «ጓደኛሽ የምትለው እውነት ነው?»

ሎርና አማርኛ አትሰማም፤ የጌድዮንን ፊት ግን ማንበብ ታውቃለች። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ጓደኛዬ ተሳስታ ነው» አለች። «ማንም አያደርገውም።»