ናፍጣ አጣሩ ብዬ መክሬ

ቆቦ ከተማ የናፍጣ ሞተር እጠግናለሁ። ከሥራው ሁሉ የምወደው የኖዝል ሥራ ነው። ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ወደ ሞተሩ የሚረጭ፣ ከጣቴ ብዙም የማይበልጥ ብረት ነው። እሱ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ባለቤቱም እኔን ይጠራል። ስጠራ ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ እጄ ሲሠራ አፌ ዝም አይልም፤ እቆጣለሁ፣ እመክራለሁ። ሚስቴ «ከሞተሩ በላይ የምትጮኸው አንተ ነህ» ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም።

ባለፈው በጋ ሮቢት አጠገብ ሽንኩርት የሚያለሙ አንዲት ሴት ደወሉልኝ። በእናቴ ዕድሜ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን ይዘውታል። ከጉድጓድ ውሃ የሚስበው፣ ከዓመት በፊት እኔው የጠገንኩላቸው ሞተር ቆሟል። ሽንኩርቱ ደግሞ ራስ መቋጠር የጀመረበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሙቀት ጥቂት ቀን ውሃ ካጣ ልፋታቸው ሁሉ አፈር በላ ማለት ነው።

በባጃጅ ሄድኩ። ኖዝሉን ፈትቼ በናፍጣ አጠብኩና ሞከርኩት፤ አረጫጨቱ ያምራል። ስገጥመው ሞተሩ ተነሣ። «ከመንገድ ዳር የጀሪካን ናፍጣ እየገዙ ሞተር ይገድላሉ!» ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ቆቦ ሳልደርስ ስልኬ ጠራ።

«ቆመ፣ ልጄ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስመለስ የሽንኩርቱ ቅጠል ተኝቷል። እሳቸው ማሳው ዳር ቆመዋል፤ «እንዴት አደርክ፣ ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ናፍጣ የሚያጣራውን ፊልትሮ ፈታሁት። ትናንት መጀመሪያ መፈተሽ የነበረብኝ እሱን ነበር፤ ኖዝል ስለምወድ ዘለልኩት። ነጭ ብናኝ ለብሶ ናፍጣ አላሳልፍ ብሏል። ዝገት አውቃለሁ፣ ጭቃ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ጥጥ ነው።

«እማማ፣ ናፍጣውን የሚያጣሩት በምንድን ነው?»

ወደ ቤት ገብተው አንድ የእጅ ፈትል ነጠላ ይዘው ወጡ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ መሃሉ በናፍጣ ቢጫ ሆኗል።

«ለመውሊድ የምለብሰው ነበር» አሉ ኮራ ብለው። «አምና ‹በንጹሕ ጨርቅ ሳያጣሩ ጠብታ እንዳይጨምሩ› ያልከኝ አንተ አይደለህ? ወላሂ፣ ከዚህ የነጣ ጨርቅ ቤቴ የለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ብያለሁ፤ ያውም ጮኼ። የእጅ ፈትል ጥጥ እንደሚያራግፍ ግን አልነገርኳቸውም። አፈርኩ። ይቅርታ ለማለት ስንተባተብ «አብሽር፤ መጀመሪያ ውሃውን» አሉኝ።

ናፍጣውን ገልብጬ ማጠራቀሚያውን አጠብኩ። ከቦርሳዬ አዲስ ፊልትሮ አውጥቼ ገጠምኩ። ቀጥሎ አየር ማስወጣት ነው፤ መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ሞተሩ ቢለምኑትም አይነሣም። ብሎኗን ላላ አድርጌ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወርድ ጠበቅኩ። የሽቦ ወንፊት ሰጠኋቸው፤ ጀሪካኑን አሳርፈው ከላይ ከላይ እንዴት እንደሚቀዱም በእጄ አሳየኋቸው። ይህን ሁሉ ስሠራ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

ሞተሩ በሁለተኛው ዙር ተነሣ። ውሃው ከቱቦው እየተንደቀደቀ ወጥቶ የመጀመሪያውን ቦይ ያዘ። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በአካፋ መንገድ ይከፍቱለት ጀመር። «አልሃምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ። እኔም ቁልፎቼን እየጠረግኩ ደስታዬን አልደበቅኩም።

ድምፁን ሰምቶ ጎረቤታቸው ከማዶ ማሳ መጣ። «ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ሲል ጠየቀ።

«አርጅቶ ነው፣ ምን ይሆናል» አሉ ቶሎ ብለው።

ይሄን መቻል አቃተኝ። «ምን በወጣው ያረጃል! ሞተሩ ደህና ነው፤ ያቆመው የእኔ ምክር ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው አንዴ እኔን አንዴ ሞተሩን አይቶ፣ እየሳቀ ወደ ማሳው ተመለሰ።

እሳቸው አካፋቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «የሱም ሞተር እኮ ቆሟል። ገበያህ እንዳይበላሽ ብዬ ነበር የዋሸሁልህ።»