የኤልፌዥ ሻርፕ

ሽማግሌው ኤልፌዥ ፎንተኖ ያረጀው በሉዊዚያና፣ ቅዳሜ ጠዋት በሚጨፈርባት ቡና ቤት፣ ከአሮጌ የብረት መንሽ ጥርስ የተሠራ ባለ ሦስት ማዕዘን የሙዚቃ ብረቱን እየመታ ነው። የባሰው ሥራው ግን መልእክት ማመላለስ ነበር። ባለ ቫዮሊኑ ቴዮጄን የባለ አኮርዲዮኑ የኦቪድ ሚስት የሠራችውን፣ በአገሩ ቲማቲም የማይገባበትን የጋምቦ ሾርባ ቀምሶ፣ «ማነው ቲማቲም የጨመረበት?» ካለ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም።

አኮርዲዮን አይቃኝም፤ ቫዮሊኑ ነው በእሱ ድምፅ የሚቃኘው። ስለዚህ ሁልጊዜ ቴዮጄን፣ «ኤልፌዥ፣ ያንን ሰውዬ ድምፅ ስጠኝ በለው» ይላል።

«ጆሮ ካለው ይስማ በለው» ይላል ኦቪድ፣ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ።

አንድ ቅዳሜ ኤልፌዥን መረረው። አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ መጣና፣ ጉሮሮውን እያሳየ፣ ድምፄ ተዘግቷል ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ። ውሸቱን ነው። ጨፋሪው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቆሞ ይጠብቃል። ቴዮጄን ጣራውን አየ፤ ኦቪድ ጫማውን።

በመጨረሻ ቴዮጄን፣ «ስጠኛ!» አለ።

«ምን?»

«ድምፅ ነዋ! ቲማቲም መሰለህ?»

ኦቪድን ሳቅ አመለጠው፤ ድምፁንም ሰጠው። የዚያን ቀን የዋልስ ዜማው እንዴት እንደ ጣፈጠ!

ዘፈኑ ሲያልቅ ኦቪድ ወደ ቴዮጄን ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ኤልፌዥ ምቱ ላይ መዘግየት አላበዛም?» አለው።

«እኔስ ስንቴ ልነግርህ ፈልጌ!» አለ ቴዮጄን። «ታዲያ በማን በኩል ልንገርህ?»

ኤልፌዥ ሊመልስላቸው አፉን ከፈተ፤ ሻርፑ ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው።