በገጽ ሰማንያ ሰባት ግርጌ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አሥር ጣት» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሲሠሩ አንድም ቀን የጽሕፈት መኪናውን ቁልፍ አይተው አያውቁም። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ፣ ጆሯቸው በሩ ላይ፣ ጣታቸው መኪናው ላይ ነበር። አለቃው ደብዳቤ እያስጻፏቸው እሳቸው ሻይ ለያዘው ተላላኪ «ለእኔ ስኳር አታብዛው» ብለው፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳቱ ይጨርሱ ነበር አሉ። «አሉ» የምለው ይህን የሚያወሩት ራሳቸው ስለሆኑ ነው። ራሳቸውን ሲያወድሱ የሚሰሙትም በዚህ በአንዱ ብቻ ነው። ሌላ ምስጋና ሲመጣባቸው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

ኮምፒውተራቸው ሳሎን መስኮቱ ሥር፣ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይኖራል። ዕድሜው ለኮምፒውተር የሽማግሌ ነው። ጠዋት ከፍተውት፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ቁርስ በልተው፣ ዕቃ አጣጥበው ሲመለሱ ገና ያቺን ክብ እያሽከረከረ ያገኙታል። «አይዞህ፣ እኔም ጉልበቴን አሞኛል» ይሉታል።

ይቀየርልዎ ሲባሉ ግን አይሰሙም። ምክንያታቸው አንዲት ፋይል ናት። ባለቤታቸው ቀያሽ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሜትርና ችካል ይዘው መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ የሕይወት ታሪካቸውን ለሚስታቸው እየነገሩ ያስጽፉ ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቀያሹ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ሲናገሩ እትዬ አሥር ጣት ጻፉ። መቶ ዘጠና ገጽ ላይ ቀያሹ አረፉ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። እትዬ አሥር ጣት ከሰዓት በኋላ ፋይሏን እየከፈቱ ሁለት ሦስት ገጽ ያነባሉ፤ ያን ጊዜ የባላቸው ድምፅ ይሰማቸዋል። ከዚህ ሌላ የቀረላቸው የእሱ ድምፅ የለም።

መጽሐፉ ግን አንድ ጉድለት አለበት። ቀያሹ ስለ ሚስታቸው ደግ ነገር በተናገሩ ቁጥር ጸሐፊዋ እጃቸውን ከቁልፉ ያነሳሉ።

«ይሄ ምን ያደርጋል? ይልቅ ስለ ድልድዩ ንገረኝ።»

«ጻፊው እንጂ።»

«እሺ፣ ጽፌዋለሁ።»

ተመልሶ ሲነበብ ነገሩ የለም። «አንቺ ሴትዮ፣ መጽሐፉ የማን ነው?» ሲሏቸው «ተናጋሪው አንተ፣ ጸሐፊዋ እኔ» ይላሉ። በዚህ ዓይነት በመቶ ዘጠናው ገጽ ውስጥ ሚስት የተነሳችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ አንዴ «በዚያው ዓመት አገባሁ» በሚለው፣ አንዴ ደግሞ ጉንፋን ይዟት።

አንድ ቀን እትዬ አሥር ጣት ከገበያ ሲመለሱ ቀያሹ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። አፍንጫቸው ቁልፎቹን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ በአንድ ጣት ይፈልጋሉ። ገጽ ሰማንያ ሰባት ግርጌ ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ሁለት መስመር ሙሉ ተደርድሯል፤ «ዠ»ው ከ«ጨ»ው፣ «ፐ»ው ከ«ኘ»ው ተደባልቋል።

«ምን ይላል?» አሉ ቀያሹ።

«ምንም አይልም» አሉ እትዬ አሥር ጣት እየሳቁ። «ፊደል ጠፋህ እንዴ በዚህ ዕድሜህ?»

ቀያሹም ትንሽ ሳቁና «እንግዲያው ተይው» ብለው ተነሱ። እትዬ አሥር ጣት ስሕተት አይተው የሚያልፉ ሰው አይደሉም፤ ያችን ግን አልደመሰሷትም። የእሱ ጣት ያረፈባት ናት ብለው እንዳለች ተዉአት።

ቀያሹ ባረፉ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ምራታቸው መጣች። በአንድ ክሊኒክ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ዝም ብላ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ናት። ኮምፒውተሩ ሥራ መሀል ድርግም እያለ አስቸግሮ ስለነበር እትዬ አሥር ጣትም በመጨረሻ እጅ ሰጥተዋል።

«ዕቃው ደህና ነው፣ እማዬ» አለች። «የከበደው ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ልጫንልዎ። እኛም መሥሪያ ቤት በሱ ነው የምንሠራው። ነጻ ነው።»

«ነጻ ስትይ፣ በነጻ ነው ወይስ ነጻ የወጣ?»

«ሁለቱንም ነው። ክፍት ምንጭ ይሉታል። የፈለገ ሰው ውስጡን ያያል፣ ያሻሽላል።»

«ክፍት ምንጭማ መንገደኛው ሁሉ እግሩን ይታጠብበታል።»

ምራቷ ሳቀች። እትዬ አሥር ጣት ግን አልሳቁም። «የአባባ ነገርስ?»

«በሁለት ፍላሽ ገልብጬዋለሁ። አዲሱን የምጭነውም በሌላ ዲስክ ላይ ነው፤ አሮጌው እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።»

ምሳ ሳይደርስ ሥራው አለቀ። ማሽኑ ሲከፈት እትዬ አሥር ጣት እንደ ልማዳቸው ወደ ጓዳ ሊሄዱ ብድግ ብለው ነበር፤ ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ተነስቶ ይጠብቃቸዋል። «ለዚህ ሰውዬ ምን ሰጠሽው?» አሉ። ምራቷ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ሁለት ጉንጫቸውን ስማ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ብቻቸውን ሲቀሩ ፋይሏን ከፈቱ። የባላቸው ታሪክ የለም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ የተዘራበት፣ ወደ አፍ የማይገባ ነገር ነው። ሁለተኛውን ገጽ አዩ፣ አሥረኛውን አዩ። አንዱን ፍላሽ ሰኩ፣ ሌላውን ሰኩ፤ ያው ነው። ሰውየው ሁለተኛ የሞቱባቸው ያህል ተሰማቸው።

ስልኩን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። ልጅቷ የዕረፍት ቀኗን ሰጥታ፣ ደስ ብሏት ሄዳለች። «አጠፋሽብኝ» ተብሎ እንዴት ይነገራል? እሷ ደውላ «እንዴት ሆነልዎ?» ስትል «ይበርራል» አሏት። ይህም ውሸት አልነበረም፤ ማሽኑ ይበርራል። እንዲህ እያሉ እስከ ረቡዕ ቆዩ።

ረቡዕ ምራቷ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ይዛ ከምሳ በኋላ ብቅ ስትል ኮምፒውተሩ ጥልፉን እንደለበሰ ነው። በዚህ ሰዓት ተሸፍኖ አይታው አታውቅም።

«ምነው እማዬ?»

«ዓይኔን ትንሽ ደከመኝ መሰል።»

ምራቷ አላመነችም። ጨርቁን ገፈፈች፣ ከፈተች፣ አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከቅዳሜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አሉ እትዬ አሥር ጣት።

ልጅቷ ጊዜ አላጠፋችም። «እማዬ፣ ይስሙኝ። አልጠፋም። እርስዎ የጻፉበት ፎንት የድሮ ነው። ከሥሩ የሚመዘገበው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ነው ከላይ የኛን ፊደል የሚያለብሰው። አዲሱ ሲስተም ላይ ፎንቱን ስላልጫንኩት ልብሱን አጣ እንጂ ጽሑፉ አለ። ፎንቱም አሮጌው ዲስክ ላይ ይገኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ፎንቱን ከማምጣቷ በፊት ገጹ ሙሉ መሆኑን ለማየት ወደ ታች አወረደች። ሃምሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። ድንገት ቆመች።

«ይሄ ግን ይነበባል።»

«የቱ?»

«ይኸው፣ ግርጌው ላይ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፣ በስልክ እንደምንላላከው። አባባም ለእኛ እንዲህ ነበር የሚጽፉልን።»

እትዬ አሥር ጣት ጠጋ አሉ። ቀያሹ የመሥሪያ ቤት ሪፖርታቸውን ሲጽፉ የኖሩት በላቲን ቁልፍ ነው፤ የኛን ፊደል ቁልፍ አያውቁትም። ፎንቱ መኖሩንም አላወቁም። በሚያውቁት ጻፉ፤ ፎንቱ ደግሞ የራሱን ፊደል አለበሰው። ሌላው ሁሉ ሲነበብ ያ ሁለት መስመር አይነበብም ነበር። ዛሬ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ የሚነበበው እሱ ብቻ ሆነ።

ምራቷ ቀስ ብላ አነበበችላቸው።

«እሷ ስለማትጽፈው ራሴ ጻፍኩት። አርባ ዓመት መሬት ስለካ፣ በልቤ የምለካው እሷ ጋ ለመድረስ የቀረኝን ነበር።»

«ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ» አሉ እትዬ አሥር ጣት። «ምንም አይልም አልኩት። ስቄ ነው ያልኩት።» ከዚያ አለቀሱ፤ ምራቷም ትከሻቸውን አቅፋ አብራ አለቀሰች።

ሲበቃቸው ልጅቷ አሮጌውን ዲስክ ከመሳቢያ አወጣች። ያን መስመር አስቀድማ በኪኒናው ፖስታ ጀርባ ላይ ገልብጣዋለች። ፎንቱ ሲጫን መቶ ዘጠናው ገጽ ተመለሰ፤ ድልድዩም ችካሉም ጉንፋኑም በየቦታው። ገጽ ሰማንያ ሰባት ግርጌ ላይ ደግሞ «ዠ»ው ከ«ጨ»ው ጋር ተመልሶ ተደባለቀ።

«ይሄን በኛ ፊደል ላስተካክልልዎ?» አለች ምራቷ።

«ተነሽልኝ» አሉ።

ተቀመጡ። አሥሩን ጣት በየቦታው አኖሩ። ምራቷ ከፖስታው ጀርባ ስታነብ ዓይናቸውን ፖስታው ላይ አድርገው ጻፉ። «እሷ ጋ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እጃቸው እንደ ድሮው ከቁልፉ ተነሳ። «ይሄ ምን ያደርጋል» የሚለው አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር። ዋጡትና እጃቸውን መለሱ።

ሲጨርሱ ወደ ምራታቸው ዞር አሉ። «አሁን ተመልሶ ይነበብ» አሉ።

ልጅቷ ከስክሪኑ ጮክ ብላ አነበበች። አንድም ቃል አልጎደለም።