በጦልሃ ወንበር ላይ የሚተኛው ሐኪም

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ፀጉር የሚያስተካክለው ጦልሃ የዚህን ደንበኛውን ስም አያውቅም። የጥርስ ሐኪም መሆኑን ግን ከወሬው ያውቃል፤ የማስክ ክር ከጆሮዎቹ ጀርባ መስመር አውጥቷል፣ ጣቶቹም ጓንት ጓንት ይሸታሉ። ሁልጊዜ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ያኔ ጦልሃ እንዳይቀሰቅሰው ቶንዶሱን አጥፍቶ በመቀስ ቀስ እያለ ይሠራል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ቢያጉረመርምም ግድ የለውም።

ትናንት ግን ሰውየው ዓይኑን አልከደነም። መስታወቱ ውስጥ ራሱን እያየ ቆየ።

«አቦ፣ ዛሬ አትተኛም እንዴ?» አለው ጦልሃ።

«አንዲት ሴትዮ ላይ ጮኽኩ» አለ ሐኪሙ። «የእናቴ እኩያ ናቸው። ‹ልጄ፣ ያማል?› እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱኑ ነው። ‹አፍዎን ይክፈቱ!› ብዬ ጮኽኩባቸው። ጉንጫቸውን ይዘው ከወንበሩ ወረዱ። በር ድረስ ብሮጥ፣ ባጃጅ ተሳፍረው ሄደዋል። ጥርሳቸው መግል ይዟል እኮ!»

«ነገ ትመጣለች፣ ወላሂ።»

«አይመጡም፤ ፈርተውኛል። ድሮ ሕፃናት እንኳ እየሳቁ ነበር አፋቸውን የሚከፍቱልኝ።»

ጦልሃ ፀጉሩን ከትከሻው አራገፈለት።

ሐኪሙ አመስግኖ ወጣ። መንገድ ዳር ቆሞ ግን ባዶ ባጃጅ ቢቆምለትም አልተሳፈረም። ሰው ጭኖ በሚያልፈው ሁሉ ውስጥ እያጎነበሰ የተሳፋሪዎቹን ፊት ያይ ነበር።