ጣራ ላይ የቀረው ሶላር

ነገሩ ክፉ መሆኑን ያወቅሁት ሰውየው ሳይፈልግ ሲያገኝ ነው።

ቤት የሚፈትሽ ሰው አልጋ ያነሳል፣ ሳጥን ይገለብጣል። ቤቴን ሊፈትሽ የመጣው ሰውዬ ግን ምንም አልነካም። ጓደኞቹ በር ላይ ቆመው እሱ ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባ፤ ከጎታው ሥር እጁን ሰደደና በጨርቅ የተጠቀለለውን ስልክ አወጣ።

ቢቸና መብራት ከጠፋ ከርሞ ነበር። በኛ ሰፈር ሶላር ያለው የኔ ጣራ ብቻ ነው። ባሌ ከመሞቱ በፊት ልጃችን ታጠናበታለች ብሎ የገዛው ነው። ጠዋት የጎረቤቱን ስልክ ሁሉ እሰካለሁ፤ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ ለልጄ አምፖል ነው። ማንንም አልመልስም ነበር። ያ ከጎታ ሥር የወጣው ጫካ የገባ ሰው ስልክ ነው አሉኝ የያዙኝ ሰዎች። የማን እንደሆነ ያን ጊዜም አልተናገርሁም፣ ዛሬም አልጽፈውም።

ያስቀመጥሁበትን ቦታ ከኔ ሌላ የምታውቀው አበልጄ ብቻ ነበረች። ልጄን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት፤ አጥራችንም አንድ ነው። ስንጨቃጨቅ የኖርነው በጢስ ነበር። እኔ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሳሠራ እሷ እምቢ አለች።

«ጢስ ያላጠነውን እንጨት ምስጥ ይበላዋል። ኋላ ጣራሽ ሲወርድብሽ እንዳትጠሪኝ» ትለኛለች።

«ያንቺስ ዓይን በጢስ ሲጠፋ ማን ይመራሻል?»

«አንቺ ነሻ!»

ሶላሩ የተሰቀለ ቀንም «ደግሞ ፀሐይ ማለብ ጀመርሽ?» ብላ ሆዷን ይዛ ስቃለች። ልጇ የታሰረ ጊዜ እሷ ደጅ ላይ ተቀምጠን አብረን አልቅሰናል።

እኔን ሲወስዱኝ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

«አበልጄ! ልጄን አደራ!» ብዬ ጮህሁ።

«ተቀብያለሁ» አለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ለኔ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር።

ያስገቡን የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት። ልጄ አንድ ቀን ትማርበታለች እያልሁ በአጥሩ አሻግሬ የማየው ግቢ ነበር፤ እኔ ቀደምኋት። ዴስኮቹን አውጥተው ሴቶቹን ሲሚንቶ ላይ አስተኝተዋል። ክፍሉ ጠመኔ ጠመኔ፣ ጥግ ካለው ባልዲ ደግሞ ሽንት ሽንት ይላል። ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል። ባንዱ በኩል ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ንስር በቀስት ተያይዘዋል። በሌላው በኩል ከጎበጠ ዝንጀሮ ጀምሮ እየቀና እየቀና ሰው የሚሆን አለ።

ከጎኔ የሚተኙ አንዲት መነኩሴ ነበሩ። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው «ሲነግሩኝ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ከሳቸው ወዲያ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ አለች። ሥዕሉን የሣለችው እሷ ራሷ ናት።

«አንቺ፣ ይኸን የጎበጠውን ዘመድሽን ከራስጌዬ አንሽልኝ» ይሏታል እማሆይ።

«ዝንጀሮ ወለደን አላልንም እኮ እማሆይ። ከብዙ ዘመን በፊት የጋራ አያት ነበረን ነው የምንለው።»

«አያቴን አውቃቸዋለሁ። ጅራት አልነበራቸውም።»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እማሆይ ግን ሥዕሉን ቀና ብለው አዩና «ይልቅ እዩት፤ ከጎበጠው እስከ ቀናው አንዱም አልታሰረ» አሉ።

እኔና ቲቸር ደግሞ በኩበት እንከራከራለን። «ኩበት ስታነጂ የመሬቱን ምግብ ነው የምታቃጥይው» ትለኛለች።

«መሬቱ እስኪጠግብ ልጄ ምን ትብላ፣ ቲቸር?»

«ለዚያ እኮ ነው ቆጣቢ ምድጃ የሚያስፈልገው።»

«እኔማ አለኝ። እምቢ ያለችው አበልጄ ናት» አልሁና ስለ ጢሱ አወራሁላቸው። እየሳቅሁ ነው ያወራሁት።

ስልኩ የማን ነው እያሉ ይጠሩኛል፤ አላውቅም እያልሁ እመለሳለሁ። እፈራ ነበር። ቢሆንም ልጄ ክርስትና እናቷ ዘንድ ናት እያልሁ እተኛ ነበር።

እሑድ ስንቅ ሲፈቀድ አበልጄ ልጄን ይዛ መጣች። ልጄ ጣቶቿን በሽቦው አሾለከችና ያዘችኝ።

«እማ፣ የእትዬ ልጅ እኮ ተፈታ!»

«መቼ?»

«አንቺን የወሰዱሽ ዕለት። ሶላራችንን እነሱ ጣራ ላይ የሰቀለው እሱ ነው። እዚያ ነው የማጠናው።»

አበልጄን አየኋት። እሷ የምታየው የያዘችውን ምሳ ዕቃ ነው።

«እንዳይሰረቅ ብዬ ነው» አለች። ስለ ልጇ አንድ ቃል አልወጣትም።

መጮህ ይቻል ነበር። ግን ልጄ የመጣችው የሷን እጅ ይዛ ነው፤ የምትመለሰውም የሷን እጅ ይዛ ነው። ደግሞም ስልኩን ያመጣውን ሰው ልጄ አይታዋለች። ክርስትና እናቷ ብትጠይቃት ትነግራታለች፤ ለምን ትደብቃታለች? የሰውየው ነፍስ በልጄ አፍ ላይ ናት፤ የልጄም እንደዚያው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ምሳ ዕቃውን ተቀበልሁ።

ተመልሼ ፊቴን ወደ ሥዕሉ አዙሬ ተቀመጥሁ።

«ቲቸር፣ ከአውሬ ውስጥ የራሱን ወገን የሚበላ አለ?»

ጥያቄው ደስ አላት። «አለ እንጂ! ዓሣ አለ፣ ጊንጥ አለ፣ ሲርበው፣ ሲጨንቀው...» ብላ ፊቴን አየችና ተወችው።

እማሆይ ምሳ ዕቃውን ከፍተው ወደኔ ገፉት። «ብይ። እህሉ ምን አደረገሽ?»

በላሁ። ጨው በዝቶበታል። እሷ ስትሠራ ሁልጊዜ ጨው ታበዛለች።

ከዚያ በኋላ ሲጠሩኝ የምፈራው ሌላ ነገር ነበር። «ልጅሽ ነግራናለች» የሚሉኝ ቀን መቼ ይሆን እያልሁ ነበር የምገባ። አላሉኝም። አንድ ጠዋት ስሜን ጠርተው ሂጂ አሉኝ። ለምን እንደያዙኝ በቅጡ እንዳልነገሩኝ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ቲቸር ያላትን አንድ ሹራብ አለበሰችኝ፤ እማሆይ ግንባሬን አማተቡልኝ።

ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ አበልጄ በር ላይ ቆምሁ። ቤቷ እንደ ድሮው ይጤሳል። ስታየኝ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ልጄን እንገድለዋለን አሉኝ። ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚስ?»

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ልጄን በጢሱ ውስጥ ፈለግሁ።

«ሶላርሽን ላውርድልሽ... ልጁን ልጥራውና ያውርድልሽ።»

«የሰጠሁሽ አደራ አንድ ነው» አልኋት። «እሷን ጥሪልኝ።»

ጠራችልኝ። ልጄ ቦርሳዋን ይዛ ሮጣ ወጣች። ጣራውን ቀና ብዬ ሳላይ እጇን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ።

መንገድ ላይ ግንደወይን ኬላ አስወርደው ፈተሹን። መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው ልጄን የጠየቅኋት።

«እትዬ ስለዚያ ስልክ ጠይቃሽ ነበር?»

«ጠይቃኛለች። ማን ነው ያመጣው አለችኝ። ተኝቼ ነበር አልኋት።»

«ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«አይ።»

ጥቂት ሄደን «ሶላራችንስ?» አለችኝ።

«ፀሐይ ሞጣም አለች» አልኋት።

አሁን ሞጣ እህቴ ቤት ነው ያለነው። እህቴ የምታነደው ኩበት ነው። ጢሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ እንደ ልማዴ ልከራከር አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ያ ክርክር የኔና የአበልጄ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ልጄ በቀደም ከትምህርት ቤት መጥታ «እማ፣ ሰው ከዝንጀሮ ጋር ዘመድ ነው አሉን» ብትለኝ እማሆይ ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅሁ። የሳቸውን መፈታት ሰምቻለሁ፤ የቲቸርን አልሰማሁም። ሹራቧን አጥቤ አስቀምጫለሁ።

ይኸን ስጽፍ ልጄ አጠገቤ በሻማ እያጠናች ነው። ደህና ነን።