የበየድኩት ዲፈረንሻል

ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ አልሰማችም። የንስሐ አባቴ በየፆሙ መግቢያ ሲጠይቁኝ ስለ መጠጤ፣ ስለ ስድቤ፣ ስለ ቁጣዬ እናዘዝላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ስግደት ሰጥተው ያሰናብቱኛል። ይቺን ግን ሁልጊዜ ዘልያት ነው የማልፈው። እናንተ አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብንገናኝ አትለዩኝም። ለእናንተ የምናገረው ለዚያ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፣ ፍርሃት ነው።

ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፤ ወንድሜን በገደልኩበት ጥፋት ሌላ ሰው ቀጥቅጫለሁ፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ እንዲያምን አድርጌዋለሁ፣ አንበርክኬም ይቅርታ አስጠይቄዋለሁ። ይቅርታውንም እንደ ትልቅ ሰው ተቀብዬዋለሁ።

መካኒክ ነኝ። ጋራዣችን ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። «ጋራዣችን» የምለው ያኔ የእኔና የታምራት ስለነበር ነው። ታምራት አበልጄ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ወደዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ የእኛ ቤትና የእነሱ ቤት በሐዘንም በደስታም ተለይተው አያውቁም። አበልጅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። አበልጁ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ሰው አይባልም፣ እየተባልን ነው ያደግነው።

ያን ጊዜ አንዲት አሮጌ ፎር ባይ ፎር ነበረችኝ። ከሥር የሚሸከማትን ባሌስትራ ቀይሬ ከፍ አድርጌያታለሁ፤ ትልልቅ ጎማም ገጥሜላታለሁ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ስገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየኝ ነው የምፈልገው። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በእሷ፣ ገበያ የምወጣው በእሷ፣ እሑድ ደግሞ ኤረር ሸለቆ ወርጄ ጭቃ ውስጥ የምፋለመው በእሷ ነበር። በአንዲት መኪና ሁለት ኑሮ ልኖር ፈለግሁ።

ጎማው ሲተልቅ የኋላው አክስል ይጨነቃል። የሞተሩ ኃይል ዲፈረንሻል የሚባለው ጥርሳም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል። ዘንጎቹን ሴሚያስ እንላቸዋለን። የድሮዎቹ ቀጫጭን ስለነበሩ ታምራት ድሬዳዋ ድረስ ወርዶ ወፍራም ሴሚያሶች ከነኩሽኔታቸው፣ ዘንጉን አቅፎ ከሚያዞረው የብረት ቀለበት ጋር፣ ፈልጎ አመጣልኝ፤ በገዛ እጁም ገጠመልኝ። የእሱ ሥራ እንከን አልነበረውም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱብኝ።

እኔ ግን አልበቃኝም። ጭቃ ውስጥ አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ያያል። ዲፈረንሻል የተሠራው እንዲህ ነው፤ መኪናዋ ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ ፈጥኖ እንዲዞር ሁለቱን ይለያያቸዋል። እኔ ደግሞ ሁለቱም እኩል እንዲገፉልኝ ፈለግሁ። የሚቆለፈው ዓይነት በእኛ ገበያ አይገኝም፤ እኛ የምናውቀው ዘዴ የውስጥ ጥርሶቹን በብየዳ እርስ በርስ ማጣበቅ ነው። ለእርሻ መኪና ይደረጋል። እንዲያግዘኝ ታምራትን ጠየቅሁት።

«አቦ ተወኝ፣» አለ። «በየቀኑ አስፋልት ላይ የምትዞር መኪና ላይ አልበይድም። በየመታጠፊያው ዘንጉን እየጠመዘዘች ትኖራለች። አንድ ቀን ይበጠስና ጎማው ከነሴሚያሱ ወጥቶ ይሄዳል።»

«ፈሪ ነህ» አልኩት።

«ልሁን። የሚቀመጡባት ልጆችህ ናቸው።»

ነግሮኛል። አልነገረኝም ማለት አልችልም። ታምራት ለዘመድ ለቅሶ ገጠር በሄደ ጊዜ ጋራዡን ከውስጥ ዘግቼ ሴሚያሶቹን ስቤ አወጣሁ፣ ዲፈረንሻሉን አወረድኩ፣ ጥርሶቹን በየድኩ፣ ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ። ሲመጣ አልነገርኩትም። ኤረር ወስጄው፣ እሱ የማይወጣውን ጭቃ ወጥቼ፣ «አየህ ፈሪው?» ልለው ነበር ሐሳቤ። ለዚህች ለአንዲት ሹፈት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። አቦከር ሰፈር መታጠፊያው ላይ ጎማው አስፋልቱን እየፋቀ ሲጮህ እሰማዋለሁ። ሚስቴ «ምንድነው እሱ?» ስትለኝ «አዲስ ጎማ ነው፣ ይለምዳል» እላታለሁ። መካኒክ ነኝ፤ ጩኸቱ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ልበላችሁ? አውቅ ነበር። የዘንጉ ስቃይ እንደሆነ እያወቅሁ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ እነዳ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት አስተማሪ ነበር። አንድ ቅዳሜ የእጮኛውን ቤተሰቦች ሊጠይቅ ሐኪም ጋራ ለመውጣት መኪናዋን ተዋሰኝ። ቁልፉን ወረወርኩለት። እጁ ላይ እንኳ አልሰጠሁትም፣ ወረወርኩለት። ሲመለስ ቁልቁለቱ ጥምዝ ላይ የግራው ሴሚያስ ተበጠሰ፤ ጎማው ብቻውን ወርዶ የሰው አጥር ሰበረ፣ መኪናዋም ተገለባበጠች። ስደርስ የሰፈሩ ሰዎች በእንጨትና በገመድ ሊያነሷት ይታገላሉ። የዳዊት ደም በአስፋልቱ ወደ ቦዩ ይወርዳል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ወንድሜ አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ተበጠሰው ዘንግ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠምዝዟል። ዳዊት ገና ይተነፍስ ነበር፤ እኔ ብረት ነበር የማየው።

ስለዚህ አላወቅሁም አልልም። ዳዊት ከመሞቱ በፊት አውቄያለሁ።

ከተማው ወሬውን ወዲያው ጨረሰው። «ታምራት የገጠመው ሴሚያስ ነው የተሰበረው» ተባለ። ውሸት አይደለም፤ የገጠመው እሱ ነው። ዲፈረንሻሉን ከፍቶ ማየት ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ዝም ሲል ማን ይጠይቀዋል?

ታምራት ከቀብሩ ማግሥት ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። እያለቀሰ መጥቶ አቀፈኝና በጆሮዬ፣ «አበልጄ፣ አብረን እንክፈታት። ምን እንደነካት ማየት አለብን። እኔ ካላየሁ አላርፍም» አለኝ።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ። ሰው ሁሉ ሐዘን አሳበደው ብሎ አዘነልኝ። ሐዘን አልነበረም። «እንክፈታት» ሲለኝ ፈራሁ፤ የመታሁት ስለፈራሁ ነው። ከድንኳኑ ጥግ የተረፈ የብረት ካስማ ነበር። አነሳሁት። የመጀመሪያውን በመንጋጋው ላይ አሳረፍኩበት፤ አጥንቱ ሲሄድ በእጄ ተሰማኝ። ወደቀ። ራሱን ሊከላከል ቀኝ እጁን አነሳ፤ እጁን መታሁት። ደግሜ እጁን መታሁት። ያንን እጅ ለይቼ ነበር የምመታው፤ መኪናዬን የሚከፍተው እሱ ነዋ። «ወንድሜን ገደልከው፣ ወንድሜን ገደልከው» እያልኩ የገደልኩት እኔ ቀጠቀጥኩት። ሴቶቹ ደረት መምታታቸውን ትተው ይጮሃሉ። ደሙ ምንጣፉ ላይ ተረጨ። እናቴ እዚያው ተቀምጣ ታየኛለች፤ አንዴም «ተው» አላለችኝም። ሰዎች ከላዬ ሲጎትቱኝ እጄ ገና ይፈልገው ነበር።

የዚያኑ ሳምንት ብቻዬን ዲፈረንሻሉን አወረድኩ፣ በመዶሻ አደቀቅሁት፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ለሚወስዱት ሰዎች ሰጠሁት። ከዚያ በሽማግሌ ላክሁበት፤ «ከፍቼ አየሁት፣ ኩሽኔታው ጠማማ ገብቷል በሉት» አልኩ። አፉ በሽቦ ታስሮ ሆስፒታል የተኛ ሰው ይህን ሰማ። ምን ብሎ ይከራከራል? በምን አፉ? ፖሊስ ማን እንደመታው ሲጠይቀው ወድቄ ነው ብሎ በወረቀት ጻፈላቸው።

በእኛ ወግ የሰው ነፍስ በእጁ የጠፋችበት ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ ፊት ይንበረከካል። የሟች ታላቅ ተነስቶ ድንጋዩን ካላወረደለት እርቅ የለም። የዳዊት ታላቅ እኔ ነኝ። ሽማግሌ የላከው ታምራት ራሱ ነው፤ ማንም አላስገደደውም። ቄሶቹ መጡ፤ ከጀጎል ውስጥ ደግሞ የሁለታችንም ደንበኛ የነበሩት አረጋዊው አው ዩስፍ መጡ። ታምራት ቀኝ ክንዱ በጀሶ እንደታሰረ፣ ድንጋዩን በግራ እጁ ደግፎ ግቢያችን ገብቶ ተንበረከከ። መንጋጋው ገና ስላልዳነ ቃሉ እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣው።

«ኩሽኔታውን አጥብቄ ያስገባሁት ይመስለኝ ነበር» አለ። «እየደጋገምኩ አስባለሁ፣ አይታወሰኝም። እጄ ነው የገደለው። ይቅር በሉኝ።»

አው ዩስፍ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያ ልጄ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ አፉ በለው። የኣደም ልጅ ይሳሳታል። አንተም መትተኸዋል፣ አይተናል፤ ወላሂ ይበቃዋል» አሉኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ተነስ፣ እኔ ነኝ» ብል ድንጋዩ ወደ አንገቴ ይዞር ነበር፤ ከዚያ በላይ ምን ይመጣብኝ ነበር? እናቴን አየኋት። ሚስቴን አየኋት። ቀስ ብዬ ተነሳሁ፤ ሰው ሁሉ ትዕግሥቴን እንዲያይልኝ ቀስ ብዬ። ድንጋዩን አወረድኩለት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ታምራት ጉልበቴን ሳመ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ ትልቅ ልብ ያለው ሰው ተባልኩ። እናቴ ልጄን የገደለው ታምራት ነው እንዳለች አረፈች፤ በአልጋዋ ላይ ሆና እንኳ እጇን ትዘረጋለትና ሳትጨብጠው ትመልሰው ነበር።

የታምራት ቀኝ ጣቶች ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። ቡሎን መያዝ አይችልም። ጋራዡ የእኔ ብቻ ሆነ፤ እሱ ፈረስ መጋላ አካባቢ የሰው ሱቅ ውስጥ ጎማ ይሸጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ ሰዎች ሐረር መጥተው ይዩኝ። ዓመታት አደሩ፤ እኔ ዝም ካልኩ የሚጠራ ነገር የለም።

ታምራት ሴት ልጅ አለችው። ነርስ ናት፤ ከከተማ ወጥታ ገጠር ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። በየቀኑ እየነዳች የምትመላለስባት ከፍ የተደረገች መኪና ገዝታ፣ ጎማውም ትልቅ ስለሆነ የኋላው እንዲጠናከርላት ፈለገች። መኪናዋን ታምራት ራሱ ይዟት መጣ። የገዛላትን ወፍራም ሴሚያሶች በማይታጠፈው እጁ አቅፎ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው።

«ሌላ ጋራዥ ውሰዳት ብትለኝ አልወስድም» አለኝ። «እኔ ቆሜ ባሠራ እንኳ ራሴን አላምንም። አንተ ግጠምላት፣ አበልጄ።»

ገጠምኩላት። ምንም አልበየድኩም፤ እያንዳንዱን ቡሎን ደጋግሜ አጠበቅሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። ልጅቷ መኪናዋን ልትወስድ ስትመጣ አባቷ አልነበረም፤ ብቻችንን ነበርን። ቁልፉን እጇ ላይ ስሰጣት ፈገግ አለችና፣ «ጋሼ፣ አባቴ እርስዎ የገጠሙትን ዓይኔን ጨፍኜ ብነዳው አያሰጋኝም አለኝ። ያኔ በእሱ ጥፋት ያንን ሁሉ ሐዘን አይተው፣ ዛሬ ለእኛ እንዲህ መሆንዎ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለችኝ።

 ቃሉን በአፌ ይዤው ነበር።

«ያለፈ አልፏል» አልኳት። «አባትሽን ይቅር ብዬዋለሁ፣ አታስቢ።»

ይህን ያልኩት ያኔ በወጣትነቴ አይደለም። ትናንት ነው። ስለዚህ የድሮ ኃጢአት ነው ብላችሁ እንዳትፈቱኝ።